በትንፋሽ ልክ የተቆረጠ ኮት

ባሌ ትራምፔት ነፊ ነው። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን፣ ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚመስል እንድታውቁልኝ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ስል እሱ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ቆሞ አንዲት ድምፅ ይይዛል። አንዲት ብቻ። ከፍ አያደርጋት፣ ዝቅ አያደርጋት፤ እኔ መርፌ ላይ ክር አስገብቼ የአንድ እጅጌ ግማሽ እስክሰፋ ድረስ አትበጠስም። የባንዱ ሰዎች "አያልቅበት" ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው። የወጣለትን ስም ከእኔና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እኔም የምጠራው ስናደድ ብቻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የከተማችን ባንድ ኮቶች በሙሉ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው። የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ኮት ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ኮት አይቆረጥም። ደረቱን ሁለት ጊዜ እለካዋለሁ። አንደኛ "ሳብ" እለውና ሜትሬን እጠመጥማለሁ፤ ቀጥዬ "እስከ መጨረሻው አውጣ" እለውና እንደገና እለካለሁ። ሁለቱንም ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ኮቱንም በልዩነታቸው አስልቼ እቆርጣለሁ። ያለዚያ ሰውየው ሲተነፍስ ወይ ቁልፉ ይፈናጠራል፣ ወይ ኮቱ ጆንያ ይሆንበታል። የባሌ ልዩነት ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው። በባንዱ ውስጥ እሱን የሚያህል አልነበረም፤ ይህንንም በየግብዣው ሳይጠየቅ ይናገራል።

ባለፈው ብርድ ያቺ የጠዋት ድምፅ አጠረች። መጀመሪያ ሰነፈ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ጎህ ሲቀድ ሳል ጀመረው። ሲተኛ ደግሞ ደረቱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ እኔ መስኮቱ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ዘግቻለሁ። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ይቆምና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውሃ ቆጣሪ ማስታወቂያ ያነባል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ አራት ዓመቱ ነው።

"ምን አዲስ ነገር ጻፉ?" እለዋለሁ።

"ረጋ ብዬ ላንብብበት እንጂ፤ ምን ያጣድፍሻል?" ይለኛል፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈ።

አንድ ቀን ትራምፔቱን ወልውሎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፤ በማግስቱ አላወጣውም። እኔ እንግዲህ ስንት ጊዜ "ምናለ አንድ ጠዋት እንኳ ባረፍኩ" ያልኩ ሴት ነኝ። ያረፍኩ ዕለት የሰው እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ቤቱ የእኔ ቤት አልመስል አለኝ።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "እርጅና ነው።" ጎረቤቱም እንደዚያ አለ፣ ልጃችንም በስልክ እንደዚያ አለች። ሰባ አንድ ዓመቱ ስለሆነ የሚከራከር አልነበረም። ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄደ። አንድ ወጣት ባለሙያ ልቡን አዳምጦ ደህና ነው አለው። ከዚያ ጠቋሚ ያላት ትንሽ ቱቦ ሰጥቶ "በኃይል ይንፉ አባባ" ሲለው፣ ባሌ ነፋ፤ ጠቋሚዋም ዳር ድረስ ተወረወረች። ልጁ "እርስዎማ ከእኔ ይበልጣሉ" ብሎ ሸኘው። ባሌ እስከ በራችን ድረስ ደረቱን ነፍቶ መጣና ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኩም አለ።

"ልቤ ደህና ነው። ሳንባዬም ደህና ነው። እንግዲህ የቀረው ዕድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ በሐኪም አይታዘዝለትም" አለኝ።

በዚያው ዕለት የባንዱ መሪ ዘንድ ሄዶ የአንደኛ ትራምፔት ወንበሩን እንደሚለቅ ነገረው። ከሁለት ወር በኋላ የባንዱ ስልሳኛ ዓመት ኮንሰርት አለ፤ በዚያ ላይ ኮቱን ለብሶ ይቀመጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወንበሩን ለተማሪው ይለቃል። በቃ። የነገረኝ የገበያ ወሬ እንደሚነግረኝ አድርጎ ነው፤ ግን ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። እኔም በዚያች ቅጽበት የፈራሁት ሞቱን አልነበረም፤ ወንበሩን ለቅቆ በሕይወት መኖሩን ነው። ያለ ትራምፔት ምን ሆኖ እንደሚውል አላውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም።

"ለስንብቱ ኮቴን አስተካክይልኝ፤ ደረቴ ላይ ያዝ አድርጎኛል" አለኝ።

የሰባ አንድ ዓመት ሰው ኮት ይሰፋዋል እንጂ እንዴት ይጠበዋል? ሜትሬን አንስቼ "ሳብ" አልኩት። ሳበ። ቁጥሩ ያው የዱሮው ነው። "እስከ መጨረሻው አውጣ" አልኩት። አወጣ፤ ሜትሬ ግን እምብዛም አልላላም።

"አትቀልድ" አልኩት።

"ይኸው አወጣሁ እኮ" አለኝ። ፊቱ ደም መስሏል።

ሦስት ሳንቲ ሜትር። ደብተሬን ገለጥኩ፤ በየዓመቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሁን ሦስት። አየሩ እንደ ዱሮው ይገባል፣ ግን አይወጣም። እኔ የማውቀው የሚያረጅ ሰው ይሟሽሻል እንጂ እንደ ትራስ ተነፍቶ አይቀርም። ነገሩ አልዋጥ ሲለኝ "ጤና ጣቢያ ስትነፋ እንዴት አድርገህ ነው የነፋኸው?" አልኩት። የወረቀት ጥቅል አንስቶ ከንፈሩ ላይ ደገነ፤ ጉንጩን ወጥሮ በምላሱ "ቱ" ሲል ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሸሚዝ ንድፍ ተነስቶ መኪናው ሥር ገባ። ደረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ያ ምስኪን ልጅ የለካው የባሌን ጉንጭ ነው፤ ስልሳ ዓመት የሠለጠነ ጉንጭ።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኩት።

"ሄጄ መጣሁ አላልኩሽም?"

"አንተ ሄደህ መጣህ። እኔ አልሄድኩም።"

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ደብተሬን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ባሌ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ገጽ በገጽ ገለጠች። "እትዬ፣ ብዙ ሕመምተኛ አይቻለሁ፤ የአርባ ሦስት ዓመት ትንፋሽ ተጽፎ የመጣልኝ ግን ዛሬ ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ቆርጦኝ አልደሰት?

የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ ተብለን ስለነበር ፌስታሉን ዘረገፍኩት፤ የደም ግፊቱን፣ የጉልበቱን፣ የዓይኑን ጠብታ። ከሁሉም ጠብታውን አንስታ መቼ እንደጀመረው ጠየቀች። ከብርዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። "ይህ ለሌላው ሰው ደህና ነው፤ አንዳንዱን ሰው ግን የትንፋሽ ቧንቧውን ያጠብበታል። በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ ከዓይን ሐኪምዎ ጋር ተነጋግሬ በሌላ እናስቀይረዋለን" አለችው። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ ደረት ድረስ ወርዶ ሰው ያፍናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ወደ ትንፋሽ ምርመራ ክፍል ላከችን። ባለሙያዋ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዛ "እኔ በቃ እስክልዎት እንዳያቋርጡ" አለችው።

"እህቴ፣ ጉንጩን ጠብቂው። ይህ ሰው በጉንጩ ነው የሚያታልለው" አልኳት።

ሳቀችና ሁለቱን ጉንጮቹን በመዳፏ ደግፋ ያዘች። ነፋ። ጉንጩ ሲከለከል ደረቱ ብቻውን ቀረ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ትንሽ ተንፏቅቃ ተኛች። ባሌ አይቷት አንገቱን ደፋ። ባለሙያዋ ግን አይሞቃት አይበርዳት፤ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቱቦ የተሰካበት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ የትንፋሽ መድኃኒት፣ አምጥታ ጉንጩን እንደያዘችበት አራት ጊዜ በዝግታ አሳበችውና ኮሪደሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ አለችን።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ስለ አውቶቡስ እያወራ ነበር። ዘወር ስል ዓይኑ ፈጥጧል፤ ክው አልኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ወጣ" አለኝ።

"ምኑ?"

"አየሩ። ይኸው፣ ይወጣል።" ደግሞ ተነፈሰ፤ ደግሞም ተነፈሰ።

ሜትሬ ሁልጊዜ አንገቴ ላይ ነው። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ስንት ሰው እያየን፣ አስነስቼ "ሳብ፣ አውጣ" አልኩት። ስድስት ሳንቲ ሜትር። አጠገባችን የነበረ አንድ ሽማግሌ ልብስ የሚለካ ሆስፒታል መስሎት "እኔንስ ይለኩኛል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ምርመራ ላይ መስመሯ ስክሪኑን ይዛ ሽቅብ ወጣች።

"አስም ነው" አለች ሐኪሟ።

"አስም የልጅ በሽታ አይደለም እንዴ?" አለ ባሌ።

"በሰባ ዓመትም ይጀምራል። ችግሩ በእርስዎ ዕድሜ ሲመጣ ሁሉም ሰው እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሕመምተኛውም ጭምር።"

"ስለዚህ እርጅና አይደለም?"

"እርጅናውማ አለ። የሚያፍንዎት ግን እሱ አይደለም።"

ባሌ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ወጣለት።

ሁለት ፓፍ ሰጠችው። አንደኛው ቢሻለውም ባይሻለውም በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚሳብ፣ ሁለተኛው ደረቱ ሲይዘውና ትራምፔት ከማንሳቱ በፊት። የፕላስቲኩን ቱቦ ጨመረችለት፣ ከሳበ በኋላ አፉን እንዲጉመጠመጥ ነገረችው። የሚያስታግሰው ፓፍ አልሠራ ካለ አንድ ደቂቃ ሳይዘገይ እንዲመጣ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈችለት። ወረቀቷን የምግብ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩ።

እንግዲህ ዳነ ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሳሉ ያው፣ የውሃ ማስታወቂያውም ያው። "አልያዘኝም፤ ይህ መድኃኒት ለወጣት ነው" አለ። ቅስሙ ተሰበረ። መድኃኒቱን የሚወስደው መኝታ ቤት በር ዘግቶ ስለነበር አንድ ጠዋት ሳላንኳኳ ገባሁ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ፓፉን ከንፈሩ ላይ ገጥሟል፤ ጉንጩ ተወጥሯል። ሲጫነው ነጭ ጭስ በአፉ ግራና ቀኝ ቡን ብሎ መስታወቱ ላይ አረፈ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እየወሰድኩ ነዋ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እየነፋኸው እኮ ነው።"

ፓፉን አየው፣ መስታወቱን አየው፣ እኔን አየኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከንፈሩን የነካውን ነገር ሁሉ ነፍቶ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት የመስታወታችንን አስም ሲያክም ከርሟል። ቱቦዋን ብጠይቀው ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነች፤ የሕፃን ጡጦ መስላ አሳፍራው። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ እሱም ጎኔ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ማስተማሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ትራምፔት ነፊ አየር የሚስበው መሣሪያው ከንፈሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። አፉ ላይ አንድ ነገር ከተቀመጠ በኋላ መሳብ የሚባል ነገር ሰውነቱ አያውቀውም። ልክ እንደ ሻይ በስትሮ አልኩት፤ ነፋው። ልክ እንደ ሾርባ አልኩት፤ ነፋው። በስተመጨረሻ ተናድጄ ሜትሬን ደረቱ ላይ ጠመጠምኩና "ቁም" አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። "አውጣ" አልኩት፤ አወጣ። ቱቦዋን አፉ ላይ አድርጌ ፓፉን ራሴ ተጫንኩና "ሳብ" አልኩ። ደረቱ እኔን ያውቀኛል፤ አርባ ሦስት ዓመት በዚህ ቃል ታዝዟል። ቀስ ብሎ፣ እስከ ታች ድረስ ሳበ።

"እስከ አሥር ያዝ" አልኩት። ሠላሳ ድረስ ያዘ፣ ጉራውን። ቆንጥጬ አስተነፈስኩት። ከዚያ መታጠቢያው ጋ ሄዶ አፉን በማርሽ ዜማ ተጉመጠመጠ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ሜትሩን እጠመጥማለሁ፣ "ሳብ" እላለሁ። የዓይኑም ጠብታ ተቀየረ። በሦስተኛው ሳምንት የጎህ ሳሉ ጠፋ። አንድ ቀን ደረጃ ስንወጣ ማስታወቂያውን ሳያየው አለፈ፤ እኔ ነኝ ከኋላው ያለከለክሁት። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ያቺ ድምፅ መጣች። አጭር ነች፣ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። መኪናዬን አቆምኩ። ገብቼ ባየው እንደሚያፍር ስለማውቅ እዚያው ተቀምጬ ቀሚሱን አቅፌ አለቀስኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ባሌ ስንብቱን ትቶ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ኮንሰርቱ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የመጨረሻው ማርሽ መዝጊያ ላይ አንደኛው ትራምፔት አንዲት ድምፅ ብቻውን አሥራ ስድስት ምት ይይዛል። ባሌ ቢታገል፣ ቢታገል፣ አሥራ አንድ ላይ ያልቅበታል። ሐኪሟ ይጫወቱ ብላለች፤ የዱሮ ትንፋሽዎን ግን አይጠብቁ ብላለች። ተማሪው የነበረችው ሁለተኛዋ ትራምፔት ነፊ፣ ቀን ቀን ፖስታ ቤት የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት፣ "ጋሼ፣ አብረን እንጀምረው። እርስዎ ሲተነፍሱ እኔ እይዛለሁ፤ እኔ ስተነፍስ እርስዎ ይያዙ" አለችው። እሱ አሻፈረኝ ብሎ መጣ።

"የሁለት ሰው ድምፅ የተጣፈ ድምፅ ነው። ወይ ሙሉውን እይዛለሁ፣ ወይ ወንበሩን እለቃለሁ" አለኝ። ግግም ካለ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ኮቱን አምጥቼ ጭኑ ላይ ጣልኩለት።

"ይህን ስሰፋ ክር አልቆብኝ ያውቃል" አልኩት። "ሲያልቅ ትንሽ ወደኋላ እመለስና አዲሱን ክር በአሮጌው ላይ ደርቤ እቀጥላለሁ። ከእነዚህ ስፌቶች ላይ ያለቀብኝን ቦታ አሳየኝ።"

መነጽሩን አድርጎ የጀርባውን ስፌት ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሄደበት። እጅጌውን ገልብጦ አየ። ብብቱን አየ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈለገ፤ አላገኘም። ኮቱን አጣጥፎ "ስልኬን አቀብይኝ፤ ለልጅቷ ልደውልላት" አለኝ።

የኮንሰርቱ ቀን ፀሐይ ነበረች፤ መናፈሻው ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ሦስተኛው መደዳ ላይ ነኝ። ከመድረኩ ጀርባ "ሳብ" ብዬው፣ የሚያስታግሰውን ፓፍ አስወስጄው ነው የመጣሁት። አንደኛ ወንበር ላይ እሱ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ልጅቷ። ማርሹ ተጀመረ፣ ተጋመሰ፣ መዝጊያው ደረሰ፤ ሌሎቹ ዝም አሉና ያቺ ድምፅ ብቻዋን ወጣች። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ። ባሌ ትራምፔቱን ከከንፈሩ አላቀቀና ተነፈሰ። ድምፅዋ አልተሰበረችም፤ ልጅቷ ይዛታለች። ከዚያ እሱ ተመልሶ ገባ፣ ልጅቷ ተነፈሰች፣ አሥራ ስድስት ሞላ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ።

ሲወርድ እኔን ፈልጎ መጣ። ፊቱ ላይ ደስታም እፍረትም አለ።

"ተሰማ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?"

"ስተነፍስ።"

"ለሌላው እንጃ። እኔ ሰምቼዋለሁ።"

እውነቴን ነው። ይህ ሰው አርባ ሦስት ዓመት መድረክ ላይ ሲነፋ አንድ ቀን እንኳ አየር ሲወስድ ሰምቼው አላውቅም፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ የማያልቅበት ያደረገው፣ እኔም ጭምር። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሐል፣ በዘጠነኛው ምት ላይ፣ ትንፋሹ ሲገባ ሰማሁት።

"አሳፈርኩሽ?" አለኝ።

"እስቲ ድገምልኝ።"

ትራምፔቱን ሊያነሳ ሲል ክንዱን ያዝኩት። "ድምፁን አይደለም" አልኩት። "ትንፋሹን።"

ሰው እየመጣ ሊጨብጠው ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ዓይኔን እያየ፣ ትራምፔቱን ወደ ታች እንደያዘ፣ አየር ሳበ፤ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አወጣው። እኔም ከእሱ ጋር ተነፈስኩ።